አላቢዋም አብራ ትሄዳለች

«ከፈለጉ አላቢዋም አብራ ትሄዳለች» አለ ወንድሜ።

ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ የጫማውን አቧራ በመሀረብ እየጠረገ ነበር። የቆመው ከድርቆሽ ቤቱ ጀርባ ነው። እኔ ደግሞ በጓሮ በር ገብቼ፣ በአንድ እጄ ዳቦና ስኳር ያለበትን ፌስታል፣ በሌላው ጭቃ እንዳይነካው የቀሚሴን ጫፍ ይዤ፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ ተከትዬ እየመጣሁ ነበር። «ኧረ በደመወዝ አታስቸግርዎትም። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ከላሞቹ ጋር ያደገች ናት ማለት ይቻላል» አለና ሳቀ። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ። በመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብቶ ለሰው ሲያስረክብ የሚስቃት ሳቅ ናት። አላቢዋ ያላት ታላቅ እህታችንን ነው። የእሱም ታላቅ፣ የእኔም ታላቅ። እማ በረት ስትውል እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም ፊቷ ሲቆም «እትዬ» እንጂ በሌላ ጠርቷት አያውቅም።

ሳል ብዬ ልወጣበት አሰብኩ። ግን ያን ጊዜ ከበረቱ የላም ጩኸት መጣ። ላም በየምክንያቱ ትጮኻለች፤ ጥጃ ስትጠራ፣ ውሃ ሲዘገይባት፣ ባዕድ ሰው በበር ሲገባ። ይሄኛው ከእነዚያ አንዱም አልነበረም። ዝቅ ያለና የተጎተተ ነበር፤ የታመመ ሰው ሰው እንዳይቀሰቅስ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያቃስተው። ሙሽሪት መሆኗን በድምጿ ለየኋት። እማ ገዝታ ያመጣቻት ቀን በር ላይ ቆማ አልገባም ብላ ግማሽ ቀን ስላስለመነች ነው ሙሽሪት የተባለችው። ወንድሜ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ፊት ለፊት በር ሄደ፤ እኔም ፌስታሌን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ በረቱ ዞርኩ።

ግቢያችን እማ ስትገባበት የከተማው መጨረሻ ነበር። አሁን ከተማው አልፎን ሄዷል። በሦስት በኩል ፎቅ ከቦናል፤ በአራተኛው በኩል ሌላ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ የሲሚንቶው አቧራ ድርቆሹ ላይ ይወርዳል። ከፎቆቹ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች ቁልቁል በረታችንን ያዩታል። ሽታው አስቸገረን ብለው ለሹሞች የሚከሱን እነሱ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጣሳና ጆግ ይዘው በራችን ላይ የሚሰለፉትም እነሱ ናቸው። እማ ስትሳለቅ «ሽታውን ለመንግሥት፣ ወተቱን ለቤታቸው» ትል ነበር። በረቱ ረጅም አይደለም፤ የሲሚንቶ ወለል፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ በአንድ ወገን ገንዳ፣ በጥግ በኩል ደግሞ ወተት የሚጠለልበት ጠባብ ክፍል። ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉ፣ ሙሽሪትና ቦቃ፤ አንዲት ጊደርና ጥጆቹ ደግሞ ከወዲያኛው አጥር ናቸው። ያለን ይኸው ነው። በዚህ ነው ሦስታችንም ያደግነው፤ የወንድሜ ሱቅም የተከፈተው፣ የእኔም የልብስ ስፌት መኪና የተገዛው በዚሁ ነው። እማ ከሞተች ወዲህ ክረምቱ ወጥቶ በጋ ገብቷል። እህቴ እንደ እማ ከመንጋቱ በፊት ትነሣለች፤ የፉርሽካ ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር እሷ ከራሷ ምሳ ላይ ትቀንሳለች እንጂ ከገንዳው ላይ አትቀንስም።

በሩ ላይ ጠዋት የተሰለፉት ሰዎች ተበትነው ጡረተኛው ሹፌር ብቻ ቀርተው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባዶ ጣሳቸውን በጣታቸው ይመታሉ።

«አባባ፣ አልሰጡዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«የቦቃ ወተት ሕፃን ላላቸው ነው ተባልኩ። እኔ ደግሞ ጥርሴ ካለቀ ሕፃን ነኝ ብዬ ብከራከር እህትሽ አልሰማ አለች» አሉና ወደ በረቱ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን ላሚቱ እዚሁ ምድር ላይ ስትጮህ እየሰማሁ በባዶ ጣሳ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ሆና ነው?»

ምን እንደሆነች ገብቼ አየሁ። ግቷ ተወጥሮ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ጡቶቿ ወደ ጎንና ወደ ጎን ተገትረዋል። የኋላ እግሮቿን አራርቃ ነው የቆመችው፤ መጠጋጋት አልቻለችም። ከአንዱ ጡት ወተት ጠብ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ነጭ ኩሬ ሠርቷል፤ የጎረቤት ድመት አጎንብሳ ትልሳለች። እህቴ የላሟን አንገት አቅፋ በጆሮዋ ታወራታለች። የለበሰችው አዲሱን ጥቁር ቀሚሷን ነው፤ ለእማ ቀብር እኔ የሰፋሁላትን። ፀጉሯን ተሠርታለች። የገንዳው ግድግዳ በኖራ ተቀብቷል፤ ቦዩ ታጥቧል፤ የእንግዳ ወንበር ከጎረቤት ተውሳ በጨርቅ ወልውላ ጥላ ሥር አስቀምጣዋለች።

«ከትናንት ጠዋት ወዲህ አልታለበችም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ወንድምሽ ደውሎ እንዳትነኪያት አለኝ። አንድ እንግዳ አለ፣ ከብት ማርባት ሊጀምር ነው፣ የእኛን ቤት አይቶ ሊማር ይፈልጋል፤ ሞልታ ስትታለብ ይይ አለኝ። ማታውን አሳለፍኩ። በጠዋት ይመጣል አለ፤ ከዚያ ከምሳ በኋላ ሆነ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ስለ ላሞቹ ጠይቆኝ አያውቅማ። ስንት ጊዜ ትበላለች፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ የስንተኛ ጥጃዋ ነው ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እማ ብትኖር ደስ ይላት ነበር ብዬ።»

እማ ግን ይሄን አታደርግም ነበር። እሱንም እህቴ ታውቀዋለች፤ ለዚያ ነው ዓይኔን ያላየችው። «ሰው ተቆጥቶ ያድራል፣ ላም ግን ተሞልታ አታድርም» የምትል ሴት ነበረች። አባታችን የሞተ ቀን እንኳ ለቅሶ ላይ ካሉት ሴቶች መሃል ተነሥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገብታ አልባ የተመለሰች ናት፤ ያዩአት ሁሉ ልበ ደንዳና ብለዋታል። «ላሟ ባሌ መሞቱን አልሰማች» ብላ ነው የመለሰችላቸው።

በበረቱ በር ላይ፣ ሁለት ችካል ላይ ተገልብጦ፣ የእማ ቦቲ አለ። ጥቁር የጎማ ቦቲ ነው፤ አንገቱ ላይ የተቀደደው በብስክሌት ጎማ ልጣፍ ተጥፏል። የእማ እግር ሰፊ ነበር፤ የሴት ጫማ አይበቃትም፤ በልጅነታችን ወንድሜ «እማ እግርሽ የኮርማ ነው» ሲላት በዚያው እግር ታባርረው ነበር። ከሞተች ጀምሮ ማንም አላደረገውም። እህቴ በየሳምንቱ ታጥበዋለች፣ ሻጋታ እንዳይዘው ውስጡን በደረቅ ገለባ ትሞላዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች። የራሷ ቦቲ ውሃ ያስገባል። ግን የእማን አድርጊው ስላት «እሱ ሥራ ላይ ነው» ትለኛለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ምሳ ሦስታችን በላን። ወንድሜ እማ በምትቀመጥበት በኩል ተቀመጠ፤ ሌላ ቦታ ስለጠፋ አይደለም። ያመጣሁትን ዳቦ ቆረስኩ፣ እህቴ እንቁላል ጠበሰች፣ ሻይ ቀዳች። የሚያወሩት ሲያጡ ዘመዶች የሚያወሩትን አወራን፤ የመንገዱን መጨናነቅ፣ የስኳርን ዋጋ፣ የወንድሜን ልጅ ሳል። እማ የሌለችበት ጠረጴዛ ላይ ሰው በምግቡ ላይ ያተኩራል። ላሟ ስትጮህ እህቴ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች፤ ጩኸቱ ሲቆም ታነሣለች። ወንድሜ ያልሰማ መስሎ ስለ ሰፈሩ ተናገረ። «እዚህ ሰፈር ከእንግዲህ ላም አይኖርም፣ እወቁት። ያ ፎቅ ሲያልቅ የሚገባበት ሰው የእኛን እበት ለማሽተት አይደለም የሚከፍለው። ዛሬ ያላሰበ ነገ በነፃ ነው የሚነሣው» አለ። ሐሰት አልነበረም። ወንድሜ ክፉ ሰው ነው ብዬ ባወራ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሱቁን በኪራይ የያዘ፣ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት፣ ሦስት ልጆች የሚያስተምር ሰው ነው። ፈርቷል። ፍርሃቱን ግን እኛን ቁጭ አድርጎ ሊነግረን አልፈለገም፤ በእህቴ ደስታ ሸፍኖ ሊያሳልፈው ፈለገ። «ምን ለማለት ነው?» አለችው እህቴ። «ምንም፣ እንዲያው ለጨዋታ» አለና ሻዩን ጨልጦ ተነሣ።

ባልዲዎቹን ስናጥብ ነው የነገርኳት። ወተት ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ክንድ ለክንድ ይነካካል፤ ፊት ለፊት መተያየት አይቻልም። ለመናገር ይመቻል።

«እትዬ፣ እንግዳው ለመማር አይደለም የሚመጣው። ሊገዛ ነው።»

እጇ አልቆመም። ባልዲውን አሸዋ በያዘ ጨርቅ ውስጥ ውስጡን ታሸዋለች። «ላሞቹን?»

«ላሞቹን። አንቺንም።»

አሁን እጇ ቆመ። የሰማሁትን እንደሰማሁት ነገርኳት፤ ስለ ደመወዙም፣ ባልና ልጅ የላት ስላለውም፤ አላለዘብኩላትም። ውሃውን ደፋችና በቦዩ ሲወርድ እስከ መጨረሻው አየችው።

«አላቢዋ ነው ያለው?»

«አላቢዋ ነው ያለው።»

«እህቴ አላለም።»

«አላለም።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይ ወጥታ ትጮህበታለች ብዬ። እሷ ግን ባልዲውን ገልብጣ ምስማር ላይ ሰቀለችውና ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጥቁሩን ቀሚስ አውልቃ የበረት ካፖርቷን ለብሳለች፤ ክርኑ ላይ አዛባ የደረቀበትን፣ አንድ ቁልፍ ብቻ የቀረውን። የተሠራችውን ፀጉር በሻሽ ጠቅልላዋለች። «አላቢዋን ለማየት አይደል የሚመጡት» አለችኝ። «ይዩዋት።» ከዚያ ውሃ ልትጥድ ሄደች። የተዋሰችውን ወንበር አንሥታ ለጎረቤት መለሰችው።

ገዢው የመጣው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። መኪናው በበራችን ስለማይገባ በእግሩ ገባ። ድምፁ ለስላሳ፣ ሰላምታው ረጅም የሆነ ወፍራም ሰው ነበር፤ የእኔን ሰላምታ እንኳ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ወንድሜ ከፊት ከፊት እየሄደ «እዚህ ጋ ጥንቃቄ፣ ያዳልጣል» ይለዋል፤ በሕይወቱ መጥረጊያ ይዞ በማያውቅበት ወለል ላይ። በረቱ በር ሲደርስ የራሱን ጫማ አየ። ቀይ ዳማ፣ ሹል፣ ጠዋት በመሀረብ ሲጠርገው የነበረው። ከዚያ ችካሉን አየ። የእማን ቦቲ ከችካሉ አንሥቶ ወደ በረንዳው ተመለሰ፤ ጫማውን እዚያ አወለቀ። ገለባውን መሬት ላይ አራገፈና እግሩን ከተተ። ልክ ሆነለት። እኔ እህቴን አየሁ። እሷ ቦቲውን አየችው፣ እሱን አየችው። ከዚያ የፈላውን ውሃ በባልዲ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቀለች።

ገዢው ሙሽሪትን ሲያይ ቆም ብሎ አደነቀ። «እንዲህ ያለ ግት» አለ። «እንዲህ ያለ ግት ካየሁ ቆይቻለሁ።» እጁን ሲሰድ ላሟ እግሯን አነሣች። «ቁጡ ናት እንዴ?»

«ተጫዋች ናት» አለ ወንድሜ።

ዞረው ቦቃን አዩ፣ ጊደሯን አዩ፣ የድርቆሽ ቤቱን አዩ። ወንድሜ ትናንት ከእህቴ በስልክ የሰማውን ሁሉ የራሱ ትዝታ አድርጎ ያወራል፤ የስንተኛ ጥጃ፣ ስንት ጊዜ መኖ፣ ክረምት ላይ እንዴት እንደምትከርም። «እኛ» ይላል። «እኛ ፋጉሎ እንጨምርላታለን።» ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺ ነሽ አላቢዋ? ጎበዝ ነሽ ተብሏል። እኛ ጋ በማሽን ነው የሚታለበው፣ እጅሽ አይደክምም። ክፍልሽም ከወተት ቤቱ አጠገብ ነው፣ መብራት አለው።» በደግነት ነው የተናገረው። ሰው ለሠራተኛ ደግ ሲሆን እንደሚናገረው።

«እሺ» አለች እህቴ።

በርጩማዋን አምጥታ ሙሽሪት ጎን ተቀመጠች። ወንድሜ ደንግጦ ተጠጋት። «ቆይ ቆይ፣ እትዬ፣» አለና ቃሉን ዋጠው፤ «ቆዪ፣ ሰውዬው አይተው ይጨርሱ።»

«እሳቸው ይዩ። እሷ ግን መጠበቅ ጨርሳለች» አለችና በሞቀው ውሃ ጨርቅ ነክራ ግቱን ማበስ ጀመረች። መጀመሪያ ላሟ አልፈቀደችም። በሕመም ሰውነቷ ተኮማትሮ ወተቷን ይዛ ቀረች፤ እህቴ ስትጨምቅ ክር የሚያህል እንኳ አልወጣም። በወንድሜ ፊት ላይ ተስፋ አየሁ። እህቴ ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ ደገፍ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ሞቅ ያለውን ጨርቅ ይዛ፣ እማ የምታወጣውን ያንን ቃል የሌለው ድምፅ ማውጣት ጀመረች፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሕፃን ሲያስተኙ የሚመስል። እማ ከሞተች ጀምሮ ከማንም አፍ አልሰማሁትም ነበር። እህቴ እንደምታውቀውም አላውቅም ነበር። ላሟ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ እኛ ሁላችን በቆምንበት ሰማነው። የመጀመሪያውን እህቴ መዳፏ ላይ አልባ በብርሃን አየችው። «ደም የለውም፣ ተመስገን» አለች። ቀጥሎ ባልዲው ውስጥ ወተቱ ወረደ፤ በመጀመሪያ ቆርቆሮውን እያስጮኸ፣ በኋላ ወተት በወተት ላይ ሲሆን ድምፁ እየለሰለሰ።

አንደኛው ባልዲ ሞላና ሁለተኛውን ሰጠኋት። አንገቷን ሳታነሣ «ሚጣ፣ በሩን ክፈቺ። ጠዋት የቀረበት ሰው ሁሉ ይግባ» አለችኝ።

ከፈትኩት። ጡረተኛው ሹፌር ከድንጋዩ አልተነሡም ነበር፤ ከፎቁ የወረዱ ሁለት ሴቶችና አንዲት ነርስም ከእሳቸው ጋር ያወራሉ። «ወተት አለ» ስላቸው ጣሳቸውን አንሥተው ተከተሉኝ። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም፤ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ዛሬ ሽያጭ የለም» አለ። ሹፌሩ በክንዱ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉት። «ለካ እንግዳ ሲመጣ ነው የምትታለበው» አሉ። «ከነገ ጀምሮ እኔም በየቀኑ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ።» ሴቶቹ ሳቁ። ገዢውም ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ተወው፤ የላሟን ግት እያየ ነበር። ተወጥሮ ያብረቀርቅ የነበረው ቆዳ ተሸብሽቦ፣ ሲጠጉት ባዶ ኪስ መስሎ ተንጠልጥሏል። ሙሽሪት እግሮቿን ሰብስባ ቆማ ማመንዠግ ጀምራለች።

እህቴ ተነሣች፤ እጇን ካፖርቷ ላይ ጠረገች። «ጌታዬ፣» አለች ገዢውን፣ «ከትናንት ጠዋት ወዲህ አልታለበችም። ያዩት ግት የአንድ ጊዜ አይደለም። ትልቅ ሆኖ እንዲታይዎት ነው የተያዘባት፤ እኔም እንግዳ ሊማር ነው ተብዬ ይዤባታለሁ። ሌላ ጊዜ ላም ሲገዙ በጠዋት ሳይነገር ይሂዱ። ደግሞ አላቢ አይደለሁም። አላቢ ነኝ፣ ግን የተቀጠርኩ አይደለሁም። የዚህ ሰው ታላቅ እህት ነኝ። ይህች የእናቴ ላም ናት።»

ሹፌሩ ጣሳቸውን መምታት አቆሙ። ገዢው ወደ ወንድሜ ዞረ። «እህትህ ናቸው?»

«ታላቄ ናት፤ ማለቴ በቤተሰብ ደረጃ…» አለ ወንድሜ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሰውዬው፤ አሁን እህቴን እርስዎ እያለ፤ «እኔ አልተነገረኝም። ግን እውነቱን ከነገሩኝ እኔም እውነቱን ልንገርዎ። ላሚቱ ጥሩ ናት። ዋጋውን እናስተካክላለን እንጂ አልጠላኋትም።»

«ላሚቱ ጥሩ መሆኗን እኛም እናውቃለን» አለች እህቴ። «አትሸጥም።»

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። በሰው ፊት መሆኑ ነው የከበደው፤ ጣሳ የያዙ ሰዎች ፊት። «የእናትሽ ብቻ ናት እንዴ? እኔስ ከሰማይ ወረድኩ? እኔም ድርሻ አለኝ።»

«አለህ። ማን የለህም አለህ?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሦስት ነን፣ ሦስት ድርሻ ነው። ያንተ ከነገ ይጀምራል። አዛባው ከመንጋቱ በፊት ይዛቃል፣ ቦዩ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ወተት የሚባል ነገር ያለው። ና፣ አካፋ አይቸግርህም። ሱቅህ ቢጠብህ፣ ልጅህ ቢታመምብህ፣ እትዬ ቸገረኝ ብለህ ና። እኔ ፊትህን መልሼ አላውቅም። እኔን ከላም ጋር አስረህ ለመስጠት ግን አትመጣም።»

«የእኔም ሦስተኛ አይሸጥም» አልኩ እኔ። እንደዚያ ጮክ ብዬ በእሱ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት ወዲህ። ከድርቆሽ ቤቱ ጀርባ ጫማህን ስትጠርግ ከነበረ ወዲህ።»

ያን ጊዜ ገባው። ገዢው ለሁላችን ተራ በተራ ጎንበስ ብሎ፣ ለእህቴ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ወጥቶ ሄደ። ወንድሜ ሊከተለው እግሩን ሲያነሣ እህቴ «ቆይ» አለችው።

«ምን ቀረ?»

«ቦቲውን አውልቅ።»

ወደ እግሩ አየ። የረሳው መሰለኝ። «በረንዳው ጋ ስደርስ አወልቀዋለሁ» አለ።

«እዚሁ።»

ሰዎቹ ወዲያ ወዲህ አዩ። ነርሷ ጆጓን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ወንድሜ በአንድ እጁ ገንዳውን ይዞ፣ ትላንት የተቀባው ኖራ መዳፉ ላይ እየቀረ፣ አንዱን አወለቀ፤ ከዚያ ሌላውን። እህቴ ተቀብላው ችካሉ አጠገብ አቆመችው። ከበረቱ እስከ በረንዳው ያለው ግቢ ጠዋት የታጠበ ቢሆንም ከሰዓት ከበረቱ የተዛቀው አዛባ መሃሉ ላይ ነበር። ወንድሜ በካልሲው ነው የሄደው። ዙሪያውን ዞሮ መሄድ ይችል ነበር፤ አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ በዚያስ የእማ ልጅ ነው። የቀኝ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ቁጣዬ ሳይበርድ፣ አምጣው ልጣፈው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አላልኩትም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የቆሸሸውን ካልሲ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ባዶ እግሩን ቀይ ዳማው ጫማ ውስጥ አስገባ፣ ወጣ። በሩን አልዘጋውም፤ አላጋጨውምም።

እህቴ ለሹፌሩ እስከ አፉ ሞላችላቸው። «ይሄ የዛሬ ነው፣ ይሄ የጠዋቱ ካሣ ነው» አለቻቸው። «እንግዲህ ሕፃን ነዎት አሉ።»

«ሕፃን ነኝ» አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው «ይመለሳል እንዴ ያ ወንድምሽ?» አሏት።

«ቢመለስ አካፋው እዚያ ነው» አለች።

ሰዎቹ ሲያልቁ ፀሐይ ከፎቁ ጀርባ ገብታ ግቢው ላይ ጥላ ወድቆ ነበር። የምመለስበት አውቶቡስ አልፎኝ ነበር፤ አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም። ቦቃ በተራዋ አንገቷን አዙራ እህቴን ትጠራለች። እህቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትዘረጋለች ትጨብጣለች፤ እጇ ዝሏል። የራሷ ቦቲ ውሃ ስላስገባ ከጎኗ አውልቃ አቁማዋለች። የእማን ቦቲ አንሥታ ልትገለብጠው ችካሉ ላይ አስጠጋችውና እንደያዘችው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አድርጊው» አለችኝ። «ቦቃ አልታለበችም።»

«እሱ ሥራ ላይ ነው ትይ አልነበር?»

«እኮ። ሥራ ላይ ነው።»

የመንገድ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከተትኩ። ሰፋኝ፤ ጣቶቼ ብቻቸውን ቀሩ። ግን ሞቃት ነበር። እማ ከሞተች ጀምሮ ያ ቦቲ ሞቆ አያውቅም። ሙቀቱ ከማን እግር እንደቀረ አውቄያለሁ፤ በዚያ የኮርማ እግር ሲባረር ያደገ ልጅ ነው የተወው። ለእሱ አልመለስኩለትም። የእማ ነው ብዬ ወሰድኩትና፣ በርጩማውን ተቀብዬ፣ ቦቃ ጎን ተቀመጥኩ።